የልጅ አበል፣ ሁለተኛ ሥራና ያልተነገረ ገቢ፦ ደብዳቤው ሳይመጣ ራስዎ ያስተካክሉ

አርብ ጠዋት የርሖቮት ሄርዝል ጎዳና ሰው ይበዛበታል። ለሰንበት የሚሸምተው ይሸምታል፣ ባንክ የሚገባው ይገባል፣ ሽማግሌዎች ጥላ ያለበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ወሬ ይጠያየቃሉ። በዚህ መሐል አንዲት እናት ከኪርያት ሞሼ በአውቶቡስ መጥተው አገኙን። ከቦርሳቸው አራት ጊዜ የታጠፈ ደብዳቤ አወጡ። «ልጄ ከሠራዊት ለሰንበት ሲመጣ አነበበልኝ። ‹እማ፣ ትንሽ ነገር ነው፣ አትጨነቂ› አለኝ። ፊቱን ሳይ ግን ትንሽ ነገር አልመሰለኝም» አሉን።

ደብዳቤው ከማስ ሃክናሳ፣ ማለትም ከገቢ ግብር መሥሪያ ቤት የመጣ ነው። የሁለት ዓመት የግብር ዕዳ አለብዎት ይላል። እናቲቱ ጠዋት በመዋዕለ ሕፃናት ረዳት ናቸው፤ ማታ ማታ ቢሮ ያጸዳሉ። «እኔ የደበቅሁት ነገር የለም። ሁለቱም ደሞዝ ባንክ ነው የሚገባው፣ ለሁለቱም ትሉሽ አለኝ። ሌባ አይደለሁም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ገንዘብ አልደበቁም። ስህተቱ ያለው በጥር ወር አሠሪው «እዚህ ጋ ፈርሚ» ብሎ በሰጣቸው አንድ ወረቀት ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዘው የሚመጡት እሳቸው ብቻ አይደሉም። አንዳንዱ ከፍቶ ያሳየናል፤ አንዳንዱ ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ በዚህ ገጽ ነገሩን ከሥሩ ልናየው አስበናል። መንግሥት ለልጆች የሚሰጠው አበል ከግብር ጋር ምን ያገናኘዋል? ሳናውቅ ያልተናገርነው ገቢ እንዴት ዕዳ ይሆናል? ዕዳው ሳይከብድስ እንዴት ይስተካከላል?

የለንደኑ ዘመድ ጥያቄ

ነገሩን ያነሣሣው ሌላም ጥያቄ ነበር። አንድ አባት እንግሊዝ አገር የሚኖር የወንድማቸው ልጅ «የልጆች አበል ተቀብለህ ግብሩን አልከፈልክም» ተብሎ ብዙ ገንዘብ እንደተጠየቀ ሰምተው፣ «ይህ ነገር እኛም አገር ይመጣል ወይ?» ብለው ጠየቁን።

በእንግሊዝ አገር የልጅ አበል ለሁሉም ይከፈላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከጥር 2013 ጀምሮ ከባልና ከሚስት የአንዱ የዓመት ገቢ ከ50,000 ፓውንድ ካለፈ፣ ከፍተኛ ገቢ ያለው ሰው አበሉን ቀስ በቀስ በግብር መልክ እንዲመልስ ሕግ ወጣ። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ መነሻው ወደ 60,000 ፓውንድ ከፍ ብሏል፤ ገቢው 80,000 ሲደርስ አበሉ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ችግሩ አበሉ የሚገባው በሚስት ስም፣ ግብሩ የሚጠየቀው ደግሞ ከባል መሆኑ ነው፤ አንዳንዴም በተቃራኒው። ዕድሜውን ሙሉ ግብሩ ከደሞዙ በአሠሪው እየተቆረጠ የኖረ ሰው፣ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ራሱ ማሳወቅ እንዳለበት አላወቀም። ደሞዙ አድጎ ወሰኑን ሲያልፍ ማንም አልነገረውም። ከዓመታት በኋላ የሁሉም ዓመት ሒሳብ በአንድ ደብዳቤ ተጠቃሎ ይመጣል። ሳይጠየቅ ቀድሞ ራሱ ሄዶ የተናገረ ሰው ግን ቅጣቱ በጣም ይቀንስለታል፤ ሆን ብሎ ካልደበቀና ጊዜው ካልረዘመ ቅጣቱ ጭራሹን ሊቀርም ይችላል። ለንደን ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሯቸው።

ወደ እኛ አገር እንመለስ። በእስራኤል ቢቱአህ ለኡሚ በየወሩ በ20 የሚያስገባው የልጆች አበል፣ ክጽባት የላዲም፣ ግብር አይከፈልበትም። የወላጅ ገቢ ቢበዛም ቢያንስም ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ይከፈላል። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኢኮኖሚው በተናጋበት ጊዜ፣ ጥቂት ልጆች ላሏቸውና ገቢያቸው ከፍ ላለ ቤተሰቦች የመጀመሪያው ልጅ አበል ቀርቶ ነበር። በ1993 እንደገና ለሁሉም ተመለሰ። ስለዚህ የአባታችን ጥያቄ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ለዛሬው ግን መልሱ አጭር ነው። አበሉን ተቀበልክ ብሎ ግብር የሚጠይቅ የለም።

ይሁንና አበሉና ግብሩ የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ። እሱም ብዙዎቻችን ሳናነብ የምንፈርመው ቶፌስ 101 ነው።

ቶፌስ 101፦ በየዓመቱ የምንፈርመው ወረቀት

ማንኛውም ተቀጣሪ ሥራ ሲጀምርና በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ቶፌስ 101 ይሞላል። አሠሪው ከደሞዛችን ስንት ግብር እንደሚቆርጥ የሚወስነው በዚህ ወረቀት ነው። በዓመቱ መሐል ነገር ከተለወጠ፣ ማለትም ሁለተኛ ሥራ ከተጀመረ፣ ጋብቻ ወይም ፍቺ ከመጣ፣ ልጅ ከተወለደ፣ በሳምንት ውስጥ ለአሠሪው ማሳወቅ እንዳለብን ከፊርማው በላይ ተጽፏል።

በወረቀቱ ላይ ሁለት ቦታዎች ብዙ ችግር ያመጣሉ።

የመጀመሪያው ስለ ልጆች የሚጠይቀው ነው። በእያንዳንዱ ልጅ ስም አጠገብ ሁለት ምልክት ማድረጊያ አለ። አንዱ «ልጁ በእኔ እጅ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ስለዚህ ልጅ ከቢቱአህ ለኡሚ አበል የምቀበለው እኔ ነኝ» ይላል። በዚህ መሠረት ነው ወላጁ የግብር ቅናሽ ነጥቦች፣ ነኩዶት ዚኩይ፣ የሚያገኘው። አበሉ አብዛኛውን ጊዜ በእናት ስም ስለሚመጣ፣ ከአበሉ ጋር የተያያዙት ነጥቦች የእናት ናቸው። ለትንንሽ ልጆች አባትም የራሱ ነጥብ አለው። የነጥቡ ብዛት በልጁ ዕድሜና በየዓመቱ ሕግ ይለያያል። ነገር ግን አባት አበሉን ሳይቀበል «የምቀበለው እኔ ነኝ» ብሎ ምልክት ካደረገ፣ የእናትን ነጥብ ወሰደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ስለ ሌላ ገቢ የሚጠይቀው ነው። «ሌላ ገቢ የለኝም» ወይስ «ሌላ ገቢ አለኝ» ይላል። ካለ ደግሞ ነጥቦቹንና የግብር ደረጃዎቹን በየትኛው ሥራ ላይ እንደምንፈልግ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ሁለት ሥራ ያለው ሰው በሁለቱም ቦታ «ሌላ ገቢ የለኝም» ካለ፣ ሁለቱም አሠሪዎች ነጥብ ይሰጡታል። ነጥብ ግን ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በቁጥር ሲታይ

የእናቲቱን ነገር በቁጥር እንመልከተው። በ2024 እና በ2025 የአንድ ነጥብ ዋጋ በወር 242 ሼቄል ነው። አንዲት በእስራኤል የምትኖር ሴት ልጅ ባይኖራትም፣ ወይም ልጆቿ ከ18 ዓመት ቢያልፉም፣ 2.75 ነጥብ አላት። ይህ በወር 665.50 ሼቄል ነው። የግብሩ ደረጃ ደግሞ እስከ 7,010 ሼቄል 10 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 10,060 ድረስ 14 ከመቶ ነው።

የጠዋቱ ደሞዝ 6,000፣ የማታው 2,500 ሼቄል ነው እንበል። በጠዋቱ ሥራ ግብሩ 600 ሼቄል ይሆናል፤ ነጥቡ ስለሚበልጠው ምንም አይቆረጥም። የማታው አሠሪም «ሌላ ሥራ የላትም» ብሎ ስላመነ 250 ሼቄሉን በነጥብ አጠፋው። ከሁለቱም ምንም አልተቆረጠም።

በሕጉ መሠረት ግን ሁለቱ ደሞዝ ይደመራል። ከ8,500 ሼቄል ላይ ግብሩ ወደ 910 ሼቄል ነው። ነጥቡ ሲቀነስ በወር 244 ሼቄል ይቀራል። በዓመት ወደ 2,930፣ በሁለት ዓመት ወደ 5,860 ሼቄል ይሆናል፤ በላዩም ወለድና የዋጋ ማስተካከያ ይጨመርበታል። የእናቲቱ ደብዳቤ የሚለው ይህንን ነበር።

የመጨረሻ ልጃቸው 21 ዓመት የሞላው ወታደር ስለሆነ የልጅ ነጥብ የላቸውም። ትንሽ ልጅ ቢኖራቸው ኖሮ በዚህ ገቢ ዕዳ ላይኖርባቸውም ይችል ነበር። ልጆች ሲያድጉ አበሉም ነጥቡም አብሮ ይሄዳል፤ ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት በዚህ ጊዜ ነው። ትናንት ልክ የነበረው ሒሳብ ዛሬ ልክ አይሆንም።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። እናቲቱ ለማታው አሠሪ «ሌላ ሥራ አለኝ» ብለው፣ ግን የግብር ማስተካከያ፣ ቴኡም ማስ፣ ሳያመጡ ቢቀሩ፣ አሠሪው ከፍተኛውን 47 ከመቶ እንዲቆርጥ ይገደዳል። ከ2,500 ሼቄል 1,175 ይቆረጣል። መክፈል የሚገባቸው 244 ሆኖ ሳለ በወር ከ930 ሼቄል በላይ ያለ አግባብ ይሄድባቸዋል፤ በዓመት ከ11,000 በላይ ነው። ይህ የሚደርስባቸው እናቶችም ብዙ ናቸው። «ሁለተኛው ሥራ ምንም አይተርፈውም» ብለው የተዉ አሉ። ሥራው አልተረፈው ሳይሆን ወረቀቱ ነው የጎደለው።

እንግዲህ ያው አንድ ወረቀት በአንድ በኩል ዕዳ ያመጣል፣ በሌላ በኩል የራስን ገንዘብ ያስቀራል። መፍትሔውም ለሁለቱም አንድ ነው።

የተለያዩ ወላጆች

አንድ ወጣት አባት ሌላ ታሪክ ነገረን። ከልጆቹ እናት ከተለያየ ሦስት ዓመቱ ነው። ልጆቹ እናታቸው ጋ ናቸው፣ አበሉም በእሷ ስም ነው። እሱ ግን ቶፌስ 101ን እንደ ድሮው መሙላቱን ቀጠለ። «አባታቸው አይደለሁም እንዴ? ልጆቼን አልክድ!» አለን። ልጆቹን እንዲክድ ማንም አልጠየቀውም። ወረቀቱ የሚጠይቀው አባት ማነው ብሎ ሳይሆን ልጁ በማን እጅ ነው፣ አበሉን ማን ይቀበላል ብሎ ነው።

አንድ ነጥብ በዓመት 2,904 ሼቄል ነው። ሁለት ነጥብ ለሦስት ዓመት ያለ አግባብ የወሰደ ሰው ከ17,000 ሼቄል በላይ ሊጠየቅ ይችላል። በሌላ በኩል ቀለብ የሚከፍል ወላጅ እንደ ሁኔታው የራሱ ነጥብ ሊኖረው ስለሚችል፣ ትክክለኛውን ቦታ ቢሞላ የሚገባውን ያገኛል። ልጆቹን ብቻዋን የምታሳድግ እናትም ለሆሬ ያሂድ፣ ለብቸኛ ወላጅ፣ የሚሰጥ ተጨማሪ ነጥብ አላት። ይህን ሳትጠይቅ የምትኖር እናት ገንዘቧን ትታለች ማለት ነው። በሌላ በኩል አዲስ የኑሮ ጓደኛ ከመጣና አብረው መኖር ከጀመሩ ያንንም ማሳወቅ ያስፈልጋል። «ማን ያያል» ማለት አያዋጣም።

ደብዳቤው ለምን ዘግይቶ ይመጣል?

ብዙ ሰው «ስህተት ከነበረ ያኔውኑ ለምን አልነገሩኝም?» ይላል። ምክንያቱ ይህ ነው። እያንዳንዱ አሠሪ የሚያውቀው የራሱን ደሞዝ ብቻ ነው። ለሠራተኞቹ ሁሉ ስንት እንደከፈለና ስንት እንደቆረጠ ዘርዝሮ ቶፌስ 126 በሚባል ሪፖርት ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያቀርባል፤ መረጃው ለቢቱአህ ለኡሚም ይደርሳል። የሁለቱ አሠሪዎች ሪፖርት በአንድ የመታወቂያ ቁጥር ሥር ሲገናኝ ነው ልዩነቱ የሚታየው። ይህም ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ አለመምጣቱ ሁሉም ልክ ነው ማለት አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። በእስራኤል አብዛኛው ተቀጣሪ በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤት ሪፖርት አያቀርብም። ሪፖርት የሚያቀርቡት በአብዛኛው የራሳቸው ሥራ ያላቸውና ደሞዛቸው እጅግ ከፍተኛ የሆነ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የእኛ ሰው ከግብር ጋር ያለው ግንኙነት ቶፌስ 101 ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እሱን ሳናነብ ከፈረምን ሌላ የምንናገርበት ቦታ የለንም።

አባቶችና እናቶች በጡረታ ዕድሜ

ሽማግሌዎቻችንን የሚመለከተው ከቢቱአህ ለኡሚ ጋር ያለው ነገር ነው። ወንድ በ67 ዓመቱ የጡረታ አበል፣ ክጽባት ዚክና፣ ሊጠይቅ ይችላል። እስከ 70 ዓመት ድረስ ግን አበሉ በገቢው ላይ የተመሠረተ ነው። በጥበቃ ወይም በጽዳት ሥራ ላይ ያሉ አባት ደሞዛቸው ከተወሰነው ጣሪያ ካለፈ አበሉ ይቀንሳል፣ ወይም ይቀራል። ከ70 በኋላ ገቢ አይታይም። ለሴቶች የጡረታ ዕድሜው ቀስ በቀስ ወደ 65 እየጨመረ ስለሆነ እንደ ትውልድ ዘመናቸው ይለያያል። ሥራ እየሠሩ አበሉን ያዘገዩ ሰዎች ለእያንዳንዱ የቆዩበት ዓመት 5 ከመቶ ጭማሪ ያገኛሉ፤ ስለዚህ ገቢን በግልጽ ተናግሮ መቆየት ሁሉም ነገር ኪሳራ አይደለም።

ከአበሉ በተጨማሪ የገቢ ማሟያ፣ ሃሽላማት ሃክናሳ፣ የሚቀበሉ አባቶችና እናቶች የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው። ይህ ገንዘብ ሌላ ገቢ ለሌለው ወይም ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የታሰበ ነው። ጥቂት ሰዓት ሥራ መጀመር፣ የቀድሞ ሥራ ጡረታ መምጣት፣ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ፣ ወደ ውጭ አገር መውጣት፣ ማግባት ወይም ባል ወይም ሚስት ማጣት፣ ሁሉም መነገር ያለበት ነው። ልጅ «አባዬ፣ ለእኔ የሚመጣው ገንዘብ በአንተ ስም ይግባ» ቢል እንኳ ነገሩን ሳያጣሩ እሺ አይበሉ። በእርስዎ ሒሳብ ውስጥ ያለው ገንዘብ የእርስዎ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል።

ብዙ አባቶችና እናቶች ዘመድ ለመጠየቅ፣ ለተዝካር ወይም መቃብር ለመጎብኘት ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ጉዞው መብት ነው፣ ማንም አይከለክልም። ነገር ግን የገቢ ማሟያው በጉዞው ብዛትና በቆይታው ርዝመት ሊነካ ይችላል። የልጆች አበልም ልጁ ከአገር ውጭ ለረጅም ወራት ከቆየ ይቋረጣል። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይጠይቁ። የመውጫና የመግቢያ መረጃው ቢቱአህ ለኡሚ ይደርሳል።

እንዴት ይስተካከላል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ስህተት እንዳለ ያወቁ ወይም የጠረጠሩ ሰው እንዲህ ያድርጉ።

አንደኛ፣ ወረቀት ይሰብስቡ። የሁሉንም ሥራ ትሉሾች፣ በየዓመቱ ከእያንዳንዱ አሠሪ የሚሰጠውን ቶፌስ 106፣ የመታወቂያ ወረቀቱን ከነልጆቹ ተቀጥላ፣ ከቢቱአህ ለኡሚ የሚመጣውን የአበል ማረጋገጫ። ቶፌስ 106 ዓመቱን በሙሉ የተከፈለዎትንና የተቆረጠብዎትን በአንድ ገጽ ያሳያል። አሠሪው የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ቢጠፋብዎ ደግመው ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የዘንድሮውን ያስተካክሉ። ለዋናው አሠሪዎ አዲስ ቶፌስ 101 ይሙሉ። ሁለተኛ ሥራ ካለዎት ቴኡም ማስ ያውጡ። በግብር ባለ ሥልጣኑ ድረ ገጽ ወይም በግብር ቢሮ ይሠራል፤ ክፍያ የለውም። የሚሰጥዎትን ወረቀት ለሁለተኛው አሠሪ ያስረክቡ። ወረቀቱ የሚያገለግለው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ስለሆነ በየዓመቱ በጥር እንደገና ይወጣል። የቢቱአህ ለኡሚ ክፍያም በሁለት ሥራ ላይ ለብቻው መስተካከል አለበት፤ ይህንንም አብረው ይጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ያለፉትን ዓመታት ይመልከቱ። ተቀጣሪ ላለፉት ስድስት ዓመታት በቶፌስ 135 ሒሳቡ እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። ለምሳሌ የ2020 ዓመት ሒሳብ እስከ 2026 መጨረሻ ድረስ ይጠየቃል። ነገር ግን ከማቅረብዎ በፊት ሒሳቡን አስልተው ይወቁ፤ ማመልከቻው ሲታይ ተመላሽም ሊወጣ ይችላል፣ ዕዳም ሊወጣ ይችላል። ያገቡ ሰዎች የሁለቱም ገቢ በአንድ ላይ ይቀርባል፤ ስለዚህ ባልና ሚስት ተነጋግረው ያድርጉት።

አራተኛ፣ ዕዳ ካለ ቀድመው ይሂዱ። በራሱ እግር መጥቶ «ተሳስቻለሁ፣ ላስተካክል» የሚል ሰውና ከደብዳቤ በኋላ የሚጎተት ሰው አንድ ዓይነት አይታዩም። ዕዳውን በየወሩ ከፋፍሎ ለመክፈል ይጠይቁ። የቢቱአህ ለኡሚ ዕዳ ከሆነ፣ ከአበልዎ ላይ በየወሩ የሚቆረጠው ኑሮዎን እንዳይጎዳ እንዲቀንሱልዎ ማመልከት ይቻላል። ዕዳው በእርስዎ ጥፋት ያልመጣ ከሆነና መክፈል ካልቻሉ፣ እንዲሰረዝ ማመልከቻ የሚታይበት መንገድ አለ። ውሳኔው ትክክል አይደለም ካሉ ደግሞ ለሥራ ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል፤ በደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ቀነ ገደብ ግን አያሳልፉ። በቢቱአህ ለኡሚ ላይ ለሚቀርብ ክስ ከመንግሥት የሕግ ድጋፍ ቢሮ ጠበቃ ሲጠየቅ የገቢ መጠን አይታይም።

አምስተኛ፣ የሚሰጡትን ሁሉ ቅጂ ያስቀሩ። በቃል የተነገረ ነገር ይረሳል። ያነጋገረዎትን ሰው ስምና ቀኑን በደብተር ይጻፉ።

ማንን እንጠይቅ?

ቢቱአህ ለኡሚ በስልክ በ *6050፣ የግብር ባለ ሥልጣኑ በ *4954 ይገኛሉ። ለሽማግሌዎች በቢቱአህ ለኡሚ ውስጥ የበጎ ፈቃደኞች ምክር አገልግሎት አለ፤ ስልኩ *9696 ነው። ጡረተኞች ራሳቸው ጡረተኛውን የሚያማክሩበት ስለሆነ ያዳምጣሉ፣ አያጣድፉም። በብዙ ከተሞች ሺል የሚባለው የዜጎች ምክር አገልግሎትም በነፃ ደብዳቤ ያነባል፣ ያስረዳል።

አንድ ነገር እንለምናችሁ። «የግብር ተመላሽ እናስመልሳለን» ብለው በስልክ የሚደውሉ ሰዎች አሉ። ሕጋዊ የሆኑም አሉ፤ ነገር ግን ከሚመለሰው ላይ ትልቅ ድርሻ ይወስዳሉ። የውክልና ወረቀት ሳታነቡ፣ ስንት ከመቶ እንደሚወስዱ ሳታውቁ አትፈርሙ። ከላይ እንዳያችሁት ቀላል ሒሳብ ከሆነ ራሳችሁ ወይም ልጃችሁ በነፃ ልትሠሩት ትችላላችሁ። በስልክ መልእክት «ተመላሽ አለዎት፣ የባንክ ካርድዎን ቁጥር ይጻፉ» የሚል ከመጣ ደግሞ አትንኩት።

ስለ ልጆችም አንድ ቃል። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ስለሚመጣ የሚያነቡልን ልጆቻችን ናቸው። የአሥራ ሁለትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የወላጁን ዕዳ አንብቦ ሲደነግጥ፣ ወይም እናቱ እንዳትደነግጥ ብሎ ግማሹን ሲደብቅ አይተናል። ልጅ ቃሉን ይተረጉማል፤ ሸክሙን እንዲሸከም ግን አይገባም። ገንዘብ የሚነካ ደብዳቤ ሲሆን የጎለመሰ ሰው ያንብበው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ወይም ከላይ የጠቀስናቸው ምክር ሰጪዎች።

እናቲቱ ምን አደረጉ?

እሑድ ጠዋት እናቲቱ ከልጃቸው ጋር ወደ ግብር ቢሮ ሄዱ። ልጃቸው ወደ ጦር ሰፈሩ የሚመለሰው ከሰዓት በኋላ ነበር። ሁለቱንም ቶፌስ 106 ይዘው ነበር። ዕዳው በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ተስማሙ። ለማታው ሥራ ቴኡም ማስ አወጡ፤ ከእንግዲህ የሚቆረጠው ትክክለኛው ብቻ ይሆናል። ያለፉት ስድስት ዓመታት ሲታዩ ደግሞ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌላ ቦታ ሦስት ወር ሲሠሩ 47 ከመቶ ተቆርጦባቸው እንደነበረ ከድሮ ትሉሻቸው ታየ። ለዚያ ዓመት ማመልከቻ አስገብተዋል። መልሱ ገና አልመጣም። ከዕዳው የተወሰነውን ሊያቃልልላቸው ይችላል።

«ደብዳቤውን ሦስት ሳምንት ትራሴ ሥር አስቀምጬው ነበር» አሉን ሲሰናበቱን። «ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ቢሮው ውስጥ የቆየሁት ግን አንድ ሰዓት ነው።»

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ዕዳም እንዲሁ ነው። መሳቢያዎ ውስጥ ያልተከፈተ ፖስታ ካለ፣ ከዚህ ሰንበት በኋላ ያውጡትና ይክፈቱት። ሁለት ሥራ ያለው ልጅ፣ የተለያየ ዘመድ፣ እየሠራ አበል የሚቀበል አባት በቤትዎ ካለ፣ ይህን ገጽ ያንብቡላቸው። ጥር ሲመጣ አሠሪው «እዚህ ጋ ፈርሚ፣ እዚህ ጋ ፈርም» ሲል፣ «መጀመሪያ ላንብበው» ማለት መብታችን ነው።